ነርስ የመሆን ምኞትና ወደ ዲግሪ የሚያደርሰው መንገድ

ልጆቻችንን «ስታድጉ ምን መሆን ትፈልጋላችሁ?» ብለን ስንጠይቅ ከመካከላቸው «ሲስተር» የምትል አትጠፋም። አያቷ ሆስፒታል ተኝተው ጉሉኮስ ሲሰቀልላቸው አጠገባቸው ቆማ ያየች ልጅ ይህን ሙያ ብትመኝ አያስገርምም። ምኞቱ መልካም ነው። ይሁን እንጂ አብዛኞቻችን ወላጆች ስለ መንገዱ መጠየቅ የምንጀምረው ልጃችን 12ኛ ክፍልን ከጨረሰች በኋላ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ አንዳንዱ በር ተዘግቶ እናገኘዋለን።

የአንዲት ጎረቤታችን ልጅ የደረሰባት ይኸው ነው። በብሔራዊ ፈተናው የማለፊያውን ነጥብ ሳታገኝ ቀረች። አንድ የግል ኮሌጅ «ግድ የለም» ብሎ በነርሲንግ ዲግሪ መዘገባት። አባቷ ከሱቃቸው ትርፍ እየቀነሱ ሁለት ዓመት ከፈሉ። በመጨረሻ ምዝገባዋ ተቀባይነት እንደሌለው ታወቀ። ልጅቷ ሰነፍ አልነበረችም፤ አባትም ገንዘብ አልሰሰቱም። የጎደለው አስቀድሞ መጠየቅ ብቻ ነበር።

ሙያው ለእኛ እንግዳ አይደለም

በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን ሩፈይዳ አል-አስለሚያ (ረ.ዐ.) ቁስለኞችን በድንኳኗ ታስታምም እንደነበር የሲራ ጸሐፊዎች ዘግበዋል። በኸንደቅ ዘመቻ የቆሰሉት ሰዕድ ኢብን ሙዓዝ (ረ.ዐ.) የታከሙት በእርሷ ድንኳን ነበር። ስለዚህ ልጃችን ነርስ ልሁን ስትል አዲስ ነገር አመጣች አንበል። ይልቁንም እንዴት እንደምትደርስ አብረን እንመልከት።

መንገዱ የሚጀምረው 11ኛ ክፍል ነው

ተማሪዎች 11ኛ ክፍል ሲገቡ የተፈጥሮ ሳይንስ ወይም የማኅበራዊ ሳይንስ ዘርፍ ይመርጣሉ። ነርሲንግ የጤና ትምህርት በመሆኑ የሚወስደው መንገድ የተፈጥሮ ሳይንስ ነው። ጓደኞቿ ስለመረጡት ወይም ሒሳብ ስለፈራች ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ የገባች ልጅ ምኞቷን ሳታውቀው ትታዋለች ማለት ነው። በመሆኑም በ9ኛና በ10ኛ ክፍል የባዮሎጂና የኬሚስትሪ ውጤቷ ደከም ካለ በጊዜ እንድትበረታ መርዳት ይገባል።

የ12ኛ ክፍል ፈተና

ቀጥሎ ያለው በር ብሔራዊ ፈተናው ነው። የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ እና የስኮላስቲክ አፕቲትዩድ ይፈተናሉ። በቀጥታ ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት 50 በመቶ፣ ማለትም ከ600 ቢያንስ 300 ማምጣት ያስፈልጋል። ፈተናው ቀላል እንዳልሆነ ሁላችንም አይተናል፤ በ2014 ዓ.ም. ይህን ነጥብ ያለፉት ከተፈተኑት 3.3 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ።

ይህ ተስፋ ለማስቆረጥ የተጻፈ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ነጥቡን ላላገኙ፣ ነገር ግን ለቀረቡ ተማሪዎች የአቅም ማሻሻያ (ሪሚዲያል) ፕሮግራም ተዘርግቷል። በዚህ ገብተው ፈተናውን ያለፉ ወደ መጀመሪያ ዓመት ይሸጋገራሉ። የመግቢያ ነጥቡን የሚያሳውቀው ትምህርት ሚኒስቴር በመሆኑ ከሰው ወሬ ይልቅ የሚኒስቴሩን ማስታወቂያ መከታተል ይበጃል።

ዩኒቨርሲቲ መግባት ብቻውን አይበቃም

ብዙ ቤተሰብ የሚዘናጋው እዚህ ላይ ነው። አንዲት ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ስትመደብ ወዲያውኑ ነርሲንግ አትጀምርም። በመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርቶችን ትወስዳለች። ከዚያ በኋላ ወደ ትምህርት ክፍል የምትመደበው በምርጫዋና በውጤቷ ነው። ስለዚህ «አሁን ገብቻለሁ» ብላ የመጀመሪያውን ወቅት ትምህርት ያቃለለች ተማሪ የተመኘችውን ክፍል ልታጣ ትችላለች። የነርሲንግ ዲግሪ የጋራውን ዓመት ጨምሮ 4 ዓመት ይፈጃል። ትምህርቱን ከሚሰጡት መካከል የአዲስ አበባ፣ የጎንደር፣ የጅማ፣ የሐረማያ፣ የሐዋሳና የወሎ ዩኒቨርሲቲዎች ይገኛሉ።

የግል ኮሌጅ ለምትመርጡ

ከግል ኮሌጆች መካከል በሚገባ የሚያስተምሩ አሉ። ነገር ግን አንድ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ሁለት ነገር አረጋግጡ። አንደኛ፣ ኮሌጁ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ ያለው ለነርሲንግ ዲግሪ ነውን? ያውም ልጃችሁ በምትማርበት ካምፓስ? ፈቃዱ የሚሰጠው ለእያንዳንዱ ፕሮግራምና ለእያንዳንዱ ካምፓስ ነውና በግድግዳ ላይ የተሰቀለ አንድ ወረቀት ሁሉን አይሸፍንም። ሁለተኛ፣ ልጃችሁ ለዲግሪ የሚጠየቀውን የመግቢያ ነጥብ አሟልታለችን? «ነጥቡ ግድ የለም» የሚል ኮሌጅ ካጋጠማችሁ እግራችሁን አውጡ።

ነጥቡን ላላገኘች ልጅ የቴክኒክና ሙያ መንገድም አለ። በደረጃ ተመድባ በዲፕሎማ ነርስነት ሠልጥና፣ የብቃት ምዘናውን አልፋ ሥራ ልትጀምርና ከጊዜ በኋላ ዲግሪዋን ልትቀጥል ትችላለች። መንገዱ ይረዝማል እንጂ አያሳፍርም።

ከምረቃው በፊትና በኋላ

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥትም ሆነ የግል ተቋም ተማሪ የመውጫ ፈተና ሳያልፍ ዲግሪ አይቀበልም። የጤና ተመራቂዎች ከዚህ ሌላ በጤና ሚኒስቴር የሚሰጠውን የሙያ ፈቃድ ፈተና ማለፍ አለባቸው። እንግዲህ ዲግሪ ለማግኘት ብቻ ሳይሆን በእውነት ለማወቅ መማር ያስፈልጋል።

ለወላጆች አንድ ቃል

የአንዳንድ ወላጅ ሥጋት ፈተናው ሳይሆን የሌሊት ፈረቃው፣ ሒጃቡና ወንድ ሕመምተኛ ማስታመሙ ነው። ሥጋቱን ንቀን አናልፈውም። ነገር ግን በዝምታ ከመከልከል ልጅቷን አስቀምጦ መነጋገር፣ በሙያው የቆዩ ሙስሊም እህቶችን መጠየቅ፣ ለሃይማኖት ጥያቄውም ዐሊሞችን ማማከር ይሻላል። ደግሞም እናቶቻችን ሆስፒታል ሲገቡ «ሴት ነርስ የለችም ወይ?» ብለን የምንጠይቅ እኛው ነን። ልጆቻችንን ካላስተማርን ያቺ ነርስ ከየት ትመጣለች?

የጎረቤታችን ልጅ ዛሬ በሙያ ማሠልጠኛ ከመጀመሪያው ደረጃ እየተማረች ነው። አባቷ አሁን ለሌሎች ወላጆች የሚሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ።» እኛም ከዚህ የተሻለ ምክር የለንም። አላህ (ሱ.ወ.) የልጆቻችንን ድካም ፍሬያማ ያድርግልን። አሚን።