ሊንኩን ማን ይክፈተው?

ተንደርበርድ ላይ በደረሰን ኢሜይል ውስጥ ያለውን ሊንክ ስንጫን ገጹን የሚከፍተው ተንደርበርድ አይደለም። አድራሻውን ለሲስተሙ ያስረክባል፤ ሲስተሙ ደግሞ ዲፎልት ሆኖ ለተመዘገበው ብሮውዘር ያስተላልፋል። ኡቡንቱ ላይ ይህን ለመቀየር ሴቲንግስ ገብቶ «ዲፎልት አፕስ» ውስጥ ከ«ዌብ» ትይዩ የሚፈልጉትን መምረጥ ነው። ለአብዛኛው ሰው ጉዳዩ እዚሁ ያልቃል።

ላላለቀለት ግን ውስጡን ማየት ይጠቅማል። ምርጫው የሚቀመጠው በተጠቃሚው ሆም ፎልደር፣ «ኮንፊግ» በተባለው ስውር ፎልደር ውስጥ፣ «ማይምአፕስ» የሚባል ተራ የጽሑፍ ፋይል ላይ ነው። በቴክስት ኤዲተር ከፍቶ ማንበብ ይቻላል፦ ኤችቲቲፒ ለእገሌ፣ ኤችቲቲፒኤስ ለእገሌ፣ ኤችቲኤምኤል ፋይል ለእገሌ ይላል። ብሮውዘሮች በተከፈቱ ቁጥር «ዲፎልት አድርጉኝ» እያሉ የሚነዘንዙት እነዚህን መስመሮች በስማቸው ለማዞር ነው። ጂኖምም ኬዲኢም የሚያነቡት ይህንኑ ፋይል ነው፤ ተፎካካሪ ዴስክቶፖች በጋራ ደንብ እንዲግባቡ ሃቮክ ፔኒንግተን በ2000 እ.ኤ.አ. የጀመረው የፍሪዴስክቶፕ ጥረት ፍሬ ነው።

ጣጣው «እገሌ» ላይ ነው። እዚያ የሚገባው የፕሮግራሙ የዴስክቶፕ ፋይል ስም ነው፤ አንድ ሰው የመታወቂያ፣ የክርስትናና የቤት ስም እንደሚኖረው ሁሉ ፋየርፎክስም እንደ አጫጫኑ ስሙ ይለያያል። ኡቡንቱ ላይ በዴብ ፓኬጅ ሲጫን «ፋየርፎክስ» ብቻ ነበር። በስናፕ ሲመጣ ስሙ ተደግሞ «ፋየርፎክስ_ፋየርፎክስ» ይሆናል፤ በፍላትፓክ ደግሞ «ኦርግ.ሞዚላ.ፋየርፎክስ»። ኡቡንቱ ከ22.04 ጀምሮ ፋየርፎክስን በስናፕ ስለሚያቀርብ፣ ከድሮ መመሪያ የተገለበጠ ኮማንድ የሌለ ስም ይጠራል። ስለዚህ ተርሚናል ላይ ዲፎልቱን የሚቀይረውን «ኤክስዲጂ-ሴቲንግስ» የተባለ ኮማንድ ከመጻፍ በፊት ትክክለኛውን የፋይል ስም አፕሊኬሽኖቹ ከተመዘገቡበት ፎልደር ማየት ይበጃል።

ዴቢያንና ኡቡንቱ ሌላም መዝገብ አላቸው፤ «አልተርኔቲቭስ» ይሉታል። ይህኛው ለኮምፒውተሩ ሁሉ የሚያገለግል ስለሆነ በሱዶ ካልሆነ አይነካም። ብዙ ሰው በዚህ በኩል ቀይሮ ሊንኩ አሁንም በድሮው ብሮውዘር ሲከፈት ግራ ይጋባል፤ ዴስክቶፑ የሚያስቀድመው የተጠቃሚውን ፋይል እንጂ ይህን መዝገብ አይደለም። ኤችቲቲፒኤስን ብቻ ቀይሮ ኤችቲኤምኤልን የረሳም አለ፦ ሊንኮቹ በክሮሚየም ይከፈቱለታል፣ ዴስክቶፑ ላይ ሴቭ ያደረገው ገጽ ግን ፋየርፎክስን ይቀሰቅሳል።