በኪስ ስልክ የሚሠራ የአሻንጉሊት ሲኒማ

በበርታ ሕዝብ ዘንድ ዋዛ የሚባል የሙዚቃ መሣሪያ አለ። ከቅል እየተቀጣጠለ የሚሠራ መለከት ሲሆን፤ አንዱ መለከት የሚያወጣው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። አንድ ሰው ለብቻው ቢነፋው ዜማ አይሆንም። ነገር ግን ነፊዎቹ ተሰልፈው፤ እያንዳንዱ ተራውን ጠብቆ የራሱን አንድ ድምፅ ሲጥል፤ በመካከላቸው ማንም ብቻውን ያልነፋው ዜማ ይሰማል። ስሙ በአማርኛ ጆሮ ዋዛ ይምሰል እንጂ ሥራውስ ዋዛ አይደለም።

በዚህ ጽሑፍ ለአንባብያን ጓደኞቼ ላስረዳው የምፈልገው የሲኒማ ዓይነት በዚሁ መንገድ የሚሠራ ነው። አሻንጉሊቱን አቁሞ ፎቶግራፍ ማንሣት፤ እጁን በጥቂቱ ፈቀቅ አድርጎ እንደ ገና ማንሣት፤ ደግሞ ፈቀቅ፤ ደግሞ ማንሣት። እያንዳንዱ ፎቶግራፍ እንደ አንዱ ዋዛ አንድ ነገር ብቻ ይናገራል። ሥዕሎቹ ተከታትለው በፍጥነት ሲታዩ ግን አሻንጉሊቱ በራሱ ፈቃድ የተራመደ ይመስላል። የውጭ ሰዎች ስቶፕ ሞሽን ይሉታል። በትልልቁ ሲኒማ በአንድ ሰኮንድ 24 ሥዕል ያልፋል፤ ለእኛ ግን 12 ይበቃል። ይህም ማለት ለአንድ ደቂቃ ፊልም 720 ፎቶግራፍ ያስፈልጋል ማለት ነው። ለአንዱ ግማሽ ደቂቃ ቢፈጅብን እንኳ ስድስት ሰዓት ሙሉ መቀመጥ አለብን። ትዕግሥት የሌለው ሰው ከአሁኑ ይህን ገጽ ቢያልፈው አልቀየምም።

ይህን ነገር ከሸርቆሌ ጋር ያገናኘሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ሸርቆሌ በአሶሳ ዞን፤ በሱዳን ጠረፍ አጠገብ የሚገኝ ቆላ ወረዳ ነው። በአካባቢው ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የስደተኞች ጣቢያ አለ (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው)። በዚያ የሚያድገው የበርታ ልጅም ሆነ ከሱዳንና ከደቡብ ሱዳን የመጣው የስደተኛ ልጅ፤ ቤቱ ቴሌቪዥን ባይኖር ከጎረቤት የአንዱን የኪስ ስልክ ማየቱ አይቀርም። በዚያ ስልክ ላይ የሚያየው ሥዕል በምን ቋንቋ ይናገራል? ጥያቄው ይህ ነው።

በአማርኛ እንኳ ለልጆች የሚሆን ፊልም ጥቂት ነው። «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለው ዝግጅት በ2005 ሲጀመር፤ መምህርት ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ ሼን ኤትዘንሃውዘር ባለ ጸጎች ሆነው አይደለም። ዋናዋ ተዋናይ ፀሐይ የተባለች የቀጭኔ አሻንጉሊት ነበረች። ከዚህ የምንማረው፤ አሻንጉሊት ከተሠራና ቋንቋው ከታወቀ መንገዱ የማይደፈር አለመሆኑን ነው። በበርታ ቋንቋ ግን ማን ይሥራው? የቋንቋው ተናጋሪዎች በየዩኒቨርሲቲው ከእኛ ጋር በአንድ ወንበር ተቀምጠው ሳለ፤ ከውጭ መጥቶ እንዲሠራልን ሌላ ሰው መጠበቁ በበኩሌ አይታየኝም።

ሌላም ምክንያት አለ። የስደተኛውን ልጅ ፊት በካሜራ ማንሣት ብዙ ጣጣ አለበት። ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፈቃድ ቢገኝም እንኳ የተነሣው ፊት ማን ዘንድ እንደሚደርስ አይታወቅም። አሻንጉሊት ግን ፊቱ የማንም አይደለም። አንዲት ልጅ ከመንደሯ የወጣችበትን ሌሊት በሰም በተሠራች ልጅ አማካይነት ብትናገር፤ ታሪኩ ይታወቃል፤ እሷ ግን አትታወቅም። እንዲህ ያለ ታሪክ ለመቅዳት ወደ ጣቢያው የሚሄድ ተማሪ መግቢያ ፈቃዱን አስቀድሞ ይያዝ፤ የልጅቱንና የቤተ ሰቧንም እሺታ ሳያገኝ አይቅዳ።

የአገራችን ልጅ ዕዝራ ውቤ በዚህ ዓይነት ጥበብ የታወቀ ሠዓሊ ነው። አዲስ አበባ ተወልዶ በአሜሪካ የሚሠራው ይህ ሰው፤ በአንድ ሸራ ላይ ይሥልና ፎቶግራፍ ያነሣል፤ በዚያው ላይ ደርቦ እንደ ገና ይሥልና ያነሣል። በ2011 የሠራው «ሒሳብ» የተባለው ፊልም ሁላችንም የምናውቀውን የታክሲ ተረት የያዘ ነው። አህያ፤ ውሻና ፍየል ታክሲ ተሳፈሩ። አህያ ሒሳቧን በትክክል ከፈለች፤ ስለዚህ መኪና ሲመጣ ከመንገድ አትነቃነቅም። ፍየል ሳትከፍል ወረደች፤ ስለዚህ መኪና ባየች ቍጥር ትሸሻለች። ውሻ ከፍሎ መልሱን ተከለከለ፤ ስለዚህ መኪና እያሳደደ ይጮኻል። ከአህጉራችን ደግሞ የኒጀሩ ሙስጣፋ አላሳን በ1966 በሠራት አጭር የሥዕል ፊልም እንቍራሪትን ርእሰ ብሔር አድርጎ የመሪዎችን ሽርጉድ ቀልዶበታል። ትንሽ ፍጥረት ትልቁን ሰው መናገር እንደሚችል እኛ ተረት ያደግንበት ሰዎች አስተማሪ አንፈልግም።

በስልክ መሥራት ይቻላል ወይ ለሚል ሰው ደግሞ «ዶት» የተባለችውን ፊልም እጠቅሳለሁ። በ2010 የእንግሊዙ አርድማን የፊልም ድርጅት ኖኪያ ኤን 8 በተባለ ስልክ ያነሣት ናት። የፊልሟ ልጅ ቁመት 9 ሚሊ ሜትር ብቻ ነበር። እንደዚህ ያነሰ አሻንጉሊት እጁ ሊታጠፍ ስለማይችል፤ ሠሪዎቹ ልዩ ልዩ አቋም ያላቸው ሃምሳ ያህል ልጆች በማተሚያ መኪና ቀርጸው እያፈራረቁ አቆሙ። በስልኩ ዓይን ላይ የገጠሙት አጉሊ መሣሪያ «ሴልስኮፕ» ይባላል፤ በአሜሪካ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ በፕሮፌሰር ዳንኤል ፍሌቸር ክፍል የተሠራ ነው። መሣሪያው የታሰበው ለሲኒማ አልነበረም፤ ላቦራቶሪ በሌለበት አገር የወባንና የሳንባ ነቀርሳን ተሕዋስያን በስልክ ለማየት ነው እንጂ። ወባ ላልተለየው ቆላ ይህ ወሬ ብቻ ሆኖ መቅረት የለበትም፤ ወደዚህ ነገር እመለሳለሁ።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ስልኩ እንዳይነቃነቅ ማድረግ የመጀመሪያው ነገር ነው። በአሶሳ አካባቢ ቀርከሃ ሞልቷል፤ ሦስት እግር አስሮ ከላይ ስልኩን በላስቲክ ማሰር ይበቃል። ሥዕሉን በጣት ነክቶ ማንሣት ግን ስልኩን ያነቃንቀዋል፤ ስለዚህ የጆሮ ማዳመጫ ገመድ ይሰካና የድምፅ መጨመሪያው ቍልፍ ይጫን፤ በብዙ ስልክ ላይ ይኸው ቍልፍ ፎቶግራፍ ያነሣል። ስልኩ በየሥዕሉ ብርሃኑንና ጥራቱን በራሱ እየለካ እንዳይለዋውጥ፤ በመስኮቱ ላይ ጣትን ጥቂት አቆይቶ መቆለፍ ያስፈልጋል። ጥሪ መጥቶ ሥራውን እንዳያቋርጥ መስመሩ ይዘጋ። የሥዕሉም መጠን ከሁለት ሜጋ ፒክሰል ባይበልጥ ለስልክ ፊልም በቂ ነው። አንዱ ሥዕል ሦስት ሜጋ ባይት ቢሆን 720ው ከሁለት ጊጋ ባይት በላይ ይወስዳልና።

ጀማሪን ከሁሉ ይልቅ የሚያታልለው ብርሃን ነው። ፀሐይ በሰዓት 15 ዲግሪ ትጓዛለች፤ በስድስት ሰዓት ሥራ ውስጥ የክብ ሩቡን ትሄዳለች፤ የአሻንጉሊቱም ጥላ አብሯት ይዞራል ማለት ነው። በፊልሙ ላይ ይህ ሁሉ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሲያልፍ ጥላው እንደ ሰካራም ይሽከረከራል። መስኮት ዘግቶ በመብራት መሥራት ይሻላል። የመስመር መብራት ግን ኃይሉ ከፍ ዝቅ ሲል ሥዕሉን ያርገበግበዋል፤ በፀሐይ ኃይል የሚሞላ ፋኖስ ጥሩ ነው፤ እርሱም ቢሆን ባትሪው ሲደክም ስለሚደበዝዝ በየትዕይንቱ መካከል መሞላት አለበት።

አሻንጉሊቱ ከቀጭን ሽቦ ይቁምና በሰም ይሸፈን። ማር ባለበት አገር ሰም አይታጣም። ጥቂት ዘይት ሲገባበት በጣት ይታዘዛል፤ በሸርቆሌ ቀትር ግን ከመጠን በላይ ስለሚለሰልስ ሥራው በማለዳ ወይም በማታ ይሁን። ተራ ጭቃ ደርቆ ስለሚሰነጠቅ ለቤቱና ለመሬቱ እንጂ ለተዋናዩ አይሆንም።

ለመለማመጃ ከታክሲው ተረት የተሻለ አላገኘሁም፤ ሦስት ዓይነት እንቅስቃሴ በአንድ ቦታ ይዟልና። ታክሲው የክብሪት ቀፎ ይሁን፤ ርዝመቱ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። በየሥዕሉ 4 ሚሊ ሜትር ቢገፋ በሰኮንድ የራሱን ርዝመት ያህል ይሄዳል። እንዲህ ያለውን ጥቃቅን ልክ እጅ ስለማይጠብቀው አንድ ዘዴ አለ። የ6 ሚሊ ሜትር ብሎን ተራ ጥርስ በአንድ ሙሉ ዙር 1 ሚሊ ሜትር ይራመዳል። ዳዶውን በእንጨት ላይ አጥብቆ ብሎኑን ከታክሲው ኋላ ማስደገፍ ነው፤ አራት ጊዜ አዙሮ አንድ ሥዕል። አሻንጉሊቱ ባነሰ መጠን ይህ ዘዴ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ በአንድ ክንድ አሻንጉሊት ላይ የማይታይ የእጅ መንቀጥቀጥ በአንድ ጣት አሻንጉሊት ላይ የመሬት መንቀጥቀጥ ይሆናል።

ፍየሏ ስትሸሽ መጀመሪያ ራሷ ይዙር፤ ከዚያ አካሏ ይከተል፤ እርምጃዋም 1፤ 2፤ 4፤ 6 ሚሊ ሜትር እያለ ይስፋ። ውሻው ከመዝለሉ በፊት በሁለት ሥዕል ወደ ኋላ ይለጠጥ፤ ያለዚህ የተገፋ እንጂ የተቈጣ አይመስልም። ከሁሉ የምትከብደው አህያ ናት። ምንም ካላንቀሳቀስናት ፊልሙ የቆመ ይመስላል፤ ብዙ ካንቀሳቀስናት ደግሞ ከፍላለች የሚለው ቀልድ ይጠፋል። በየጥቂቱ አንድ ጆሮ ብቻ ትንቀሳቀስ። ስቶፕ ሞሽን ስቱዲዮ የተባለው የስልክ ፕሮግራም ያለፈውን ሥዕል እንደ ጥላ አደብዝዞ በአዲሱ ላይ ስለሚያሳይ፤ ጆሮዋ ስንት እንደ ተነቃነቀ ማየት ይቻላል።

የወባውን ነገር አልረሳሁትም። በደም ውስጥ ያለውን ማሳየት ለሚፈልግ የምስር ክክ ቀይ የደም ሕዋስ ይሁነው፤ የጤፍ ፍሬ ደግሞ ጥገኛው ተሕዋስ። እንዲህ ቀርቦ ለማንሣት በስልኩ ዓይን ላይ የእጅ አጉሊ መነጽር፤ ወይም ከተበላሸ ሲዲ ማጫወቻ የወጣች ትንሽ ሌንስ ይለጠፍ። ነገር ግን ካሜራው በቀረበ ቍጥር ጥርት ብሎ የሚታየው ቦታ ይሳሳል፤ ስለዚህ ምስሩ ሁሉ በአንድ ጠፍጣፋ ገበታ ላይ ይዘርጋና ከላይ ይነሣ። ጤፉ ወደ ምስሩ ይገባል፤ ይበዛል፤ ከዚያ ምስሩን በተሰበረ ምስር መለወጥ ነው፤ «ዶት»ን እንደ ሠሩት። ሕዋሶቹ በአንድ ጊዜ ሲፈነዱ ሰውየውን ብርድ ብርድ ይለዋል፤ ትኵሳቱም ይከተላል። ትንኟን የሚሠራ ተማሪ ደግሞ ልብ ይበል፤ የወባ ትንኝ ስታርፍ ኋላዋን ወደ ላይ ታነሣለች፤ ሌላዋ ተራ ትንኝ ግን ከግድግዳው ጋር ትይዩ ትሆናለች። የምትነክሰውም በሌሊት ስለ ሆነ ቤቱ ጨለማ፤ አጎበሩም በአልጋው ላይ ይሁን። ለአጎበሩ የአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ይበቃል።

ድምፁ ከሥዕሉ በፊት ይቀዳ። አንዲት የሸርቆሌ እናት በበርታ ታሪኩን በራሷ አነጋገር ትናገረው፤ ከአማርኛ ተተርጉሞ የተነበበ ቋንቋ ልጁን ያስተኛዋል። ዝም ያለችበትን፤ የሳቀችበትን ሰኮንድ ቈጥሮ በ12 ማባዛት ነው፤ ስንት ሥዕል እንደሚያስፈልግ ያን ጊዜ ይታወቃል። ያለቀው የአንድ ደቂቃ ፊልም ተጨምቆ ጥቂት ሜጋ ባይት ብቻ ስለሚሆን መስመር ባይኖርም ከስልክ ወደ ስልክ በብሉቱዝ ይተላለፋል። በገበያ ቀን ለአንድ የስልክ ጠጋኝ ሱቅ በማስታወሻ ካርድ ቢሰጥ፤ ዘፈን ሊያስጭን የመጣው ሁሉ አብሮ ይወስደዋል።