ምኞትና ትዕግሥት በቡና አገር

በየዓመቱ መመረቂያ ሲቃረብ በጓደኞቻችን መካከል አንድ ክርክር ይነሣል። አንዱ ወገን «ትልቅ ደረጃ ላይ ለመድረስ የሚፈልግ ሰው ትዕግሥትን ለመነኮሳት ይተው» ይላል፤ ሌላው «የተጻፈልኝ አይቀርብኝም» ብሎ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ሁለቱም ምኞትንና ትዕግሥትን ባላንጣ ያደረጉ ይመስለናል። ነገሩን ለማስረዳት ከፍልስፍና መጽሐፍ ይልቅ የሊሙ ገነትን የቡና ማሳ መርጠናል።

ከጅማ በስተ ሰሜን በምትገኘው በሊሙ ገነት ዙሪያ ቡና የሚተክል ገበሬ ምኞቱ ትንሽ አይደለም፤ ልጆቹን ማስተማርና ቤቱን በቆርቆሮ መክደን ይፈልጋል። ነገር ግን ችግኙ ለተከላ እስኪደርስ አንድ ዓመት ያህል፣ ከተተከለ በኋላም የመጀመሪያው ፍሬ እስኪታይ ሦስት ወይም አራት ዓመት ይጠብቃል። በዚህ ሁሉ ጊዜ መቀመጥ የለም፤ ያርማል፣ የጥላውን ዛፍ ይከረክማል፣ የሞተውን ይተካል። ፍሬውም ቢሆን በአንድ ቀን አይቀላም። ስለዚህ ጠንቃቃ ለቃሚ ወደ አንዱ ዛፍ ሦስት አራት ጊዜ እየተመላለሰ ቀዩን ብቻ ይለቅማል። ቅርንጫፉን በእጁ ጠርጎ አረንጓዴውን ከቀዩ ጋር የሚያወርድ ሰው ድካም ይቀንስለታል፤ ነገር ግን ያልበሰለው ፍሬ የቡናውን ጣዕም ያበላሻል። የጎረቤቱም ቡና የሚሸጠው በዚያው በሊሙ ስም ነው።

ከዚህ የሚበልጠው ምሳሌ ግን በጅማ አጠገብ፣ በመልኮ የግብርና ምርምር ማዕከል የተሠራው ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ በአገራችን ታየ። ይህ ፈንገስ ገና አረንጓዴ የሆነውን ፍሬ አጥቁሮና አሰርጉዶ ይጥለዋል። ቀድሞ በታየባት በኬንያ መድኃኒት ይረጩለት ነበር፤ ለእኛ አነስተኛ ገበሬ ግን ወጪው ከባድ ነው። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ በሽታው ክፉኛ በመታቸው ማሳዎች መካከል ሳይነኩ የቀሩትን ዛፎች መፈለግ ያዙ። 74110 እና 74112 የሚባሉት ዝርያዎች በዚህ ፍለጋ ከኢሉባቦር፣ ከመቱ አካባቢ የተገኙ ናቸው። በስማቸው መጀመሪያ ያለው 74 የተመረጡበት ዓመት፣ 1974 ነው።

ልብ በሉ፤ ዛፉ ጤነኛ ሆኖ መታየቱ ብቻውን አይበቃም፤ በሽታው ሳይደርስበት ቀርቶ ይሆናል። ስለዚህ ፈንገሱን ሆን ብለው በፍሬውና በቡቃያው ላይ እያኖሩ ፈተኑት፤ ልጆቹም እንደ እናቲቱ መቋቋማቸውን ተመለከቱ። ሁለቱ ዝርያዎች ለገበሬ የተለቀቁት በ1979 ነው። ገበሬው ምርቱን እያጣ ሳለ «ጥቂት ቆዩ» ማለት እንዴት እንደሚከብድ መገመት አያዳግትም። ያልተፈተነ ችግኝ ቢሰጡት ግን ስሕተቱ የሚገለጠው ገበሬው አራት ዓመት ከደከመ በኋላ ነበር፤ ኪሳራውም የእርሱ እንጂ የተመራማሪው አይሆንም። መርሕ የምንለው ነገር እዚህ ላይ ይታየናል፦ የችኮላችንን ዋጋ ማን እንደሚከፍል አስቀድሞ መጠየቅ።

ትዕግሥት ለሁሉ እኩል አልታደለም። በክረምት ቀለቡ አልቆ ቡናውን ገና በዛፉ ላይ ሳለ ለመሸጥ የተገደደን ሰው፣ ወይም በለቀመው ኪሎ ልክ የሚከፈለውን የቀን ሠራተኛ «ታገሥ» እያሉ መስበክ ስድብ ነው። ለእርሱ የሚያስፈልገው ብድር ወይም የተሻለ ክፍያ ነው።

እኛ ግን መኝታና ምግብ ተዘጋጅቶልን የምንማር ነን። ከመካከላችን በመኝታ ክፍሉ ተቀምጦ፣ ያላነጋገራቸውን ገበሬዎች መልስ በመጠይቅ ወረቀት ላይ እየሞላ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚጨርስ አለ። እንዲህ ያለው ወረቀት ነገ ስለ ችግኝ ወይም ስለ ብድር ውሳኔ ሲሰጥ ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብ ይችላል። የአውቶቡስ ገንዘብ ካነሰ አሥር ሰው ጠይቆ «አሥር ሰው ጠየቅሁ» ብሎ መጻፍ ይቻላል፤ መምህሩ ቁጥሩ አነሰ ብሎ ጥቂት ነጥብ ይቀንስ ይሆናል።