በያርድ ገዝቶ በሜትር ለሚሸጥ

ጨርቅ ከውጭ የሚያስመጣ ነጋዴ ፕሮፎርማ ሲደርሰው ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው ዋጋው ላይ ነው። ከዋጋው ጎን የተጻፈችውን መለኪያ ልብ የሚላት ጥቂቱ ነው። ኪሳራው ግን ከእሷ ይጀምራል።

አንድ ያርድ 0.9144 ሜትር ነው፤ አሜሪካና እንግሊዝን ጨምሮ ስድስት አገሮች እ.ኤ.አ. በ1959 የተስማሙበት ልክ ነው። ስለዚህ 1,000 ያርድ ጨርቅ መርካቶ ደርሶ በሜትር ሲለካ 914.4 ሜትር ይሆናል። «ሺህ ሜትር ገዛሁ» ብሎ ሒሳቡን የሠራ ነጋዴ 85.6 ሜትር ጎደለበት ማለት ነው። ለአንድ ሙሉ ልብስ 3 ሜትር ቢታሰብ የ28 ሰው ልብስ! ሻጩ አላጭበረበረም፤ ከጣቃውም የተቆረጠ የለም።

ዋጋ ሲወዳደርም እንዲሁ ነው። አንዱ አቅራቢ ያርዱን በ2 ዶላር፣ ሌላው ሜትሩን በ2.10 ዶላር ቢያቀርቡ ርካሹ የመጀመሪያው ይመስላል። ሆኖም 2 ዶላር ለ0.9144 ሲካፈል ሜትሩ 2.19 ዶላር ግድም ይመጣል። በ10,000 ሜትር ልዩነቱ ከ870 ዶላር ይበልጣል።

ወርድ ደግሞ ብዙ ጊዜ በኢንች ይጻፋል፤ 58 ኢንች የተባለው 147 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ኤልሲው በሜትር ተከፍቶ የሻጩ ኢንቮይስ በያርድ የመጣ እንደሆነ ነው። ባንኩ ሰነዶቹ አይጣጣሙም ሊል ይችላል፤ እስኪስተካከል ዕቃው ወደብ ላይ ኪራይ ይቆጥራል።