ቡናን በጓሮ ጥላ ሥር ስለመትከል

እንደሚታወቀው ቡና የማይፈላበት የኢትዮጵያዊ ቤት የለም ለማለት ይቻላል። እዚህ ናኪቫሌ ሠፈርም ራሽን ቀነሰ በተባለበት ወር እንኳ ጀበናው ከከሰል ላይ አይወርድም። ዳሩ ግን በስደት ተወልደው በምናስተምርባቸው ክፍሎች ከሚቀመጡት ልጆች ብዙዎቹ ቡናን የሚያውቁት ከሱቅ በላስቲክ ተቋጥሮ ሲመጣ ነው። ቡና ከየት ይገኛል ብለን ስንጠይቅ «እንደ ድንች ተቆፍሮ ይወጣል» ያለን ተማሪም አለ። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሳሳን አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ሁለተኛው ምክንያት አንዳንድ ወገኖች ችግኝ ገዝተው ከቤታቸው ፊት ለፊት፣ ፀሐይ እንደልብ ከሚያገኘው ቦታ ላይ ተክለው በበጋው ሲያርባቸው በማየታችን ነው።

ቡና በተፈጥሮው የጫካ ቆጥቋጦ ነው። አረቢካ የሚባለው የአገራችን ቡና ዛሬም በከፋ፣ በኢሉባቦርና በቤንች ጫካዎች ውስጥ፣ እንዲሁም በደቡብ ሱዳን በቦማ ተራራማ ምድር ከረጃጅም ዛፎች ሥር ማንም ሳይተክለው ይበቅላል። ስለዚህ ጥላ ለቡና ቅንጦት ሳይሆን የተወለደበት ቤቱ ነው። የሲዳማና የጌዴኦ ገበሬ ቡናውን ከእንሰቱ አጠገብ፣ ከዋንዛውና ከብርብራው ሥር የሚተክለው ይህንኑ ከአባቶቹ ተምሮ ነው።

ለእኛ ሠፈር የሚስማማው የትኛው ዓይነት ነው? አረቢካ ቀዝቀዝ ያለ ደጋማ ቦታ ይወዳል። በኡጋንዳ በብዛት የሚገኘው በኤልጎንና በርዌንዞሪ ተራሮች ላይ ነው። በእኛ አካባቢ ያሉ ገበሬዎች ከሙዛቸው ጋር የሚተክሉት ሮቡስታን ሲሆን፣ እርሱም የኡጋንዳ ጫካዎች ተወላጅ ነው። ጣዕሙ እንደ አገራችን ቡና አይደለም፤ መራራነቱ ይበረታል። ቢሆንም ሙቀቱን ይችላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። አረቢካ አንድ ዛፍ ብቻውንም ቢሆን ፍሬ ይይዛል። ሮቡስታ ግን ከሌላ ዛፍ የአበባ ዱቄት ካላገኘ አያፈራም። ስለሆነም አንድ ሮቡስታ ተክሎ ፍሬ መጠበቅ ከንቱ ነው፤ የራስዎ ቦታ ካነሰ ከጎረቤት ጋር ተነጋግሮ ከልዩ ልዩ እናት ዛፍ የተገኙ ችግኞችን በአጥሩ ወዲህና ወዲያ መትከል ይቻላል። ካኩማ ያሉ ዘመዶቻችሁ ግን ይህን እንዲሞክሩ አትምከሩ። የቱርካና ሙቀትና ድርቅ ለቡና አይሆንም፤ ለእነርሱ ኒም ይሻላቸዋል።

«ነገ ትተነው ለምንሄደው መሬት ዛፍ ምን ያደርግልናል?» የሚሉን አሉ። ይህ በቀላሉ የሚታለፍ አነጋገር አይደለም። በቆሎ በአራት ወር ይበላል፤ ቡና የመጀመሪያ ፍሬውን ለማሳየት ሦስት ዓመት ገደማ ይፈልጋል። መሬቱም እንድንኖርበትና እንድናርስበት የተሰጠን እንጂ የምንሸጠው ወይም የምናወርሰው አይደለም። የእኛ አስተያየት እንደሚከተለው ነው። ቤተሰብ የሚበላበት የበቆሎና የባቄላ መሬት ለቡና መነካት የለበትም። ቡናው ከቤቱ ጥግ፣ ከሙዙ ሥር፣ ከአጥሩ ዳር ይግባ፤ ቋሚ ተክል ከመትከል በፊትም የሠፈሩን ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ተገቢ ነው። ወደ ሦስተኛ አገር የሚሄድ ሰው ዛፎቹን ለማን እንደሚተው የቀበናውን አስተባባሪ በምስክርነት አቁሞ ቢናገር ከጠብ ያድናል። ደግሞም ነገ እንሄዳለን እያልን አሥር ዓመት የተቀመጥን ስንት ነን?

አሁን ወደ አተካከሉ እንግባ። ከሱቅ የተገዛ ጥሬ ቡና ለዘር አይሆንም፤ ተፈልፍሏል፣ ከርሟልም። ዘር የሚለቀመው በሽታ ከሌለበትና ብዙ ከሚያፈራ ዛፍ፣ ደም መስሎ ከቀላ ፍሬ ነው። ልጣጩ በእጅ ይላጥ፣ ከውሃ ውስጥ ሲገባ የሚንሳፈፈው ይጣል፣ የሚያዳልጠው ዝልግልግ ነገር በደንብ ይታጠብ። ፍሬውን የሸፈነው ቀጭን ቅርፊት ግን አይነካ። ከዚያ በጥላ ሥር አናፍሶ ሳይቆይ መዝራት ነው፤ ወራት በቆየ ቁጥር ዘሩ ይሞታል። ጠፍጣፋው ጎኑ ወደ ታች ሆኖ የጣት አንጓ ያህል እንኳ ሳይጠልቅ ይቀበር፣ በሣር ይሸፈን፣ ውሃ አይለየው። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ድረስ ምንም ስለማይታይ ልጆች ቆፍረው እንዳያዩት መጠበቅ ያስፈልጋል። ሲወጣ ፍሬውን እንደ ባርኔጣ በራሱ ላይ ተሸክሞ ነው የሚወጣው፤ ይህን ለተማሪ ማሳየት ራሱ አንድ የሳይንስ ትምህርት ይሆናል። በኋላ ሁለት ክብ ቅጠል ሲዘረጋ በተበሳሳ ላስቲክ ውስጥ ወደ ተሞላ አፈር ይዛወራል። ስድስት ጥንድ ያህል ቅጠል ሲያወጣ ለመተከል ደርሷል።

ጉድጓዱ አስቀድሞ፣ ከተቻለ ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ በሁሉም አቅጣጫ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ይቆፈር። የላይኛው ጥቁር አፈር ለብቻ ተቀምጦ ከብስባሽ ጋር ይመለስበት። በሮቡስታዎች መካከል 3 ሜትር፣ በአረቢካ መካከል 2 ሜትር መተው ጥሩ ነው። እዚህ ዝናቡ የሚገባው በመጋቢትና በመስከረም ስለሆነ ተከላው መሬቱ ከራሰ በኋላ ይሁን። ላስቲኩን ቀደው ያውጡ፤ ዋናውን ሥር ይመልከቱ። ጫፉ ታጥፎ ከሆነ የታጠፈውን በስለት ይቁረጡ። ሥሩ ተጣምሞ የተተከለ ቡና ለሁለት ሦስት ዓመት ደህና መስሎ ያድግና ልክ ማፍራት ሲጀምር ይጠወልጋል። የስንት ዓመት ድካም በአንድ ደቂቃ ችኮላ ይጠፋል።

ጥላን በሚመለከት ሰው የሚሳሳተው በሁለቱም በኩል ነው። ጥላ የሌለው ቡና ከአቅሙ በላይ ያፈራና ቅርንጫፉ ከጫፍ ይደርቃል። ጥላ የበዛበት ደግሞ ብርሃን ፍለጋ ቀጥኖ ይረዝማል፤ አበባው ጥቂት ነው። በቀትር ከቡናው ሥር ቆመው መሬቱን ሲያዩ ብርሃንና ጥላው ተቀላቅሎ እንደ ነብር ቆዳ ዝንጉርጉር ከሆነ መልካም ነው። ለጊዜው ጉሎ ወይም የርግብ አተር በፍጥነት ያጠላል። ሙዝም ያገለግላል፤ ነገር ግን ውሃና ምግብ ስለሚሻማ ከአንድ ግንድ የሚበቅለውን ልጅ ከሦስት በላይ አያስቀሩ። ባሕር ዛፍ ከቡና አጠገብ አይተከል። መሬቱን በሣርና በደረቀ የሙዝ ቅጠል መጎዝጎዝ እርጥበት ይይዛል፤ ጉዝጓዙ ግን ከግንዱ አንድ ስንዝር ይራቅ። በደረቅ ወር ሣሙና ያልነካው የእህልና የአትክልት እጣቢ ቢፈስለት ከቧንቧ ወረፋ ይተርፋል።

ስለ በሽታ አንዱን ብቻ እናንሳ። ከእ.ኤ.አ. 1993 ጀምሮ በኡጋንዳ ብዙ ሮቡስታ የጨረሰ የመጠውለግ በሽታ አለ። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ይጠቀለላል፣ ይረግፋል፣ ዛፉ በሙሉ ይደርቃል፤ ከግንዱ ግርጌ ቅርፊቱ ሲላጥ እንጨቱ ወደ ሰማያዊነት የሚያደላ ጥቁር ሆኖ ይታያል። መድኃኒት የለውም። ዛፉን ነቅሎ እዚያው በቆመበት ማቃጠል፣ የተጠቀሙበትን ፓንጋም በእሳት ማስነካት ይገባል። በሽታው የሚገባው በቁስል በኩል ስለሆነ ግንዱ አጠገብ ያለውን አረም በእጅ እንጂ በመቆፈሪያ አይንቀሉ። ይህን በሽታ የሚቋቋሙ የሮቡስታ ዓይነቶች በኡጋንዳ ተለይተው ስለተሠራጩ ችግኝ ሲገዙ ሻጩን ይጠይቁ።

ፍሬው በአንድ ቀን አይቀላም። የቀላውን ብቻ እየመረጡ መልቀም፣ አረንጓዴውን መተው ነው። ከአምስት እስከ ስድስት ኪሎ እሸት ፍሬ አንድ ኪሎ ያህል ጥሬ ቡና ይገኛል፤ ስለዚህ ከጥቂት ዛፍ ንግድ አይጠበቅም፣ የቤት ቡና ግን ይወጣል። የተለቀመው ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ በስሱ ይሰጣ፣ በየጊዜው ይገላበጥ፣ ማታና ዝናብ ሲመጣ ይሸፈን። ሲጨብጡት ፍሬው ከጀንፈሉ ውስጥ ሲንኳኳ ከተሰማ ደርቋል፤ ወደ ሙቀጫው ይግባ።