ዳኛ የማይከተለው ጨዋታ፦ ጐልፍ ለወጣቶች ሙያን፣ ሥርዓትንና መልካም ጠባይን እንዴት ያስተምራል?



የገናን ጨዋታ ያየ ሰው ኳስን በዱላ መምታት ለእኛ እንግዳ ነገር እንዳልሆነ ያውቃል። እሩሯ ስትነሣ ሜዳው ሁሉ አብሮ ይነሣል፤ በዚያች ቀን ጌታና ሎሌ እኩል ይጋፋሉ፣ የተመታውም አይቈጣም። ጐልፍም የዱላና የኳስ ጨዋታ ነው፤ ዳሩ ግን ጠባዩ ሌላ ነው። በጐልፍ ማንም የማንንም ኳስ አይቀማም። እያንዳንዱ የራሱን ኳስ ይመታል፣ ራሱ ተከትሎት ይሄዳል፣ ስንት ጊዜ እንደ መታም ራሱ ይቈጥራል። በአብዛኛው ጊዜ ፊሽካ ይዞ የሚከተለው ዳኛ የለም።

ወጣቶችን የምናስተምር ሁሉ ይህን ጨዋታ ልንመለከተው የሚገባን ስለዚሁ ነው። በአሜሪካ የሚያድጉ ልጆቻችን ጐልፍን በትምህርት ቤትም ሆነ በከተማ መጫወቻ ሜዳ ያገኙታል። ብዙ ወላጆች ግን «የሀብታም ጨዋታ ነው» ብለው ያልፉታል። በዚህ ጽሑፍ ጨዋታው ምን እንደሚያስተምር፣ መሪዎችም በትንሽ ዕቃ እንዴት ሊያስተምሩት እንደሚችሉ እንገልጻለን። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ጨዋታው በአጭሩ

ሙሉ የጐልፍ ሜዳ 18 ጉድጓዶች አሉት። ተጫዋቹ ከመነሻው ቦታ ተነሥቶ ኳሱን እየመታ ወደ ጉድጓዱ ያደርሰዋል፤ በጥቂት ምት የጨረሰ ያሸንፋል። የጉድጓዱ አፍ ስፋት 108 ሚሊሜትር ነው። ኳሱ ከ42.67 ሚሊሜትር ማነስ ስለማይፈቀድለት፣ ጉድጓዱ ኳሱን ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ይሆናል ማለት ነው። ተጫዋቹ ከ14 የበለጠ ዱላ መያዝ አይችልም።

እስከ ዛሬ ከሚታወቁት የጐልፍ ሕጎች ጥንታዊዎቹ በስኮትላንድ በሊት ከተማ በ1744 የተጻፉት 13 አንቀጾች ናቸው። በ2019 የጨዋታው ሕግ በሰፊው ሲሻሻል፣ የተጫዋች ጠባይ በመጀመሪያው ሕግ ውስጥ ተቀመጠ። ይኸውም ተጫዋች በቅንነት ይጫወት፣ ለሌሎች ያስብ፣ ሜዳውንም ይጠብቅ የሚል ነው። እንግዲህ ጠባይ በጐልፍ ከጨዋታው ውጭ የተጨመረ ምክር ሳይሆን የሕጉ መግቢያ በር ነው።

ልብ ብቻ የሚያውቀው ምት

አንድ የ14 ዓመት ልጅ እናስብ። ኳሱ ከዛፍ ሥር፣ ረጅም ሣር ውስጥ ገብቶበታል። ጓደኞቹ በሌላ ወገን የየራሳቸውን ኳስ ይፈልጋሉ። ልጁ ዱላውን አንሥቶ ይሰነዝራል፤ ዱላው ግን ኳሱን ስቶ አየሩን ብቻ ቈርጦ ያልፋል። ኳሱ አልተነቃነቀም። ያየ ሰውም የለም።

ሕጉ ምን ይላል? ኳሱን ለመምታት አስቦ ዱላውን የሰነዘረ፣ ቢስተውም እንኳ አንድ ምት ይቈጠርበታል። ለልምምድ ብቻ የሰነዘረ ከሆነ ግን አይቈጠርበትም። የእጁ እንቅስቃሴ በሁለቱም አንድ ዓይነት ነው። ልዩነቱ ያለው በአሳቡ ነው። አጠገቡ የቆመ ሰው ቢኖር እንኳ እርግጡን ሊያውቅ አይችልም። ልጁ ግን ያውቃል።

ጥቂት እርምጃ ሄዶ ጓደኛው «ስንት መታህ?» ብሎ ሲጠይቀው «6» ማለት ይችላል፤ እውነቱ ግን 7 ነው። ይህች አንዲት ቁጥር ትንሽ ትመስላለች። ነገር ግን ማንም በማያይበት ስፍራ እውነት መናገርን የሚለማመድበት ሌላ ምን ያህል አጋጣሚ አለው? በትምህርት ቤት ፈታኝ አለ፣ በእግር ኳስ ዳኛ አለ፣ በቤት ወላጅ አለ። በዚህ ሜዳ ግን ፈታኙም ተፈታኙም እርሱ ራሱ ነው።

የውድድር ሕግም ይህን ያጠብቃል። በምት ቈጠራ ውድድር ተጫዋቹ የነጥብ ካርዱን ፈርሞ ያስረክባል። በአንድ ጉድጓድ ከመታው በላይ ጽፎ ቢያስረክብ የጻፈው ይጸናበታል። ከመታው አሳንሶ ቢያስረክብ ግን፣ በሕጉ ከተለዩ ጥቂት ሁኔታዎች በቀር፣ ከውድድሩ ይሰረዛል።

በ1925 የሆነው

ለወጣቶች ደጋግሞ የሚነገር አንድ እውነተኛ ታሪክ አለ። በ1925 በአሜሪካ ክፍት ሻምፒዮና ቦቢ ጆንስ የተባለው ስመ ጥር ተጫዋች በመጀመሪያው ዙር ኳሱን ሊመታ ሲዘጋጅ ኳሱ ተንቀሳቀሰ። ከእርሱ በቀር በግልጽ ያየ አልነበረም። የውድድሩ ኃላፊዎችም ቅጣት እንዲጨመርበት አላስገደዱትም። እርሱ ግን በራሱ ላይ አንድ ምት ጨመረ።

ውድድሩ ሲያልቅ ጆንስ ከዊሊ ማክፋርሌን ጋር እኩል ሆነ። ያቺ አንዲት ምት ባትጨመር ኖሮ አሸናፊው እርሱ ይሆን ነበር። ሁለቱን ለመለየት 18 ጉድጓድ ተጫወቱ፤ አሁንም እኩል ሆኑ። ሁለተኛ 18 ጉድጓድ ተጫወቱ፤ ጆንስ በአንድ ምት ተሸነፈ። ሰዎች ስለ ሐቀኝነቱ ሲያመሰግኑት ምስጋናውን አልተቀበለም፤ ሰው አልሰረቀም ተብሎ አይመሰገንምና።

ይህን ታሪክ ስንነግራቸው መጨረሻውን እንዳንደብቅባቸው። እውነት የተናገረው ሰው ተሸንፏል። ወጣቶች እውነት ሁልጊዜ ዋንጫ ያስገኛል ብለን ብንነግራቸው አያምኑንም፤ ደግሞም ልክ ናቸው።

ከጉድጓዱ ወደ ኋላ መጀመር

በ1997 በአሜሪካ ታላላቅ የጐልፍ ድርጅቶች ተባብረው «ዘ ፈርስት ቲ» የተባለውን የወጣቶች ፕሮግራም አቋቋሙ። ፕሮግራሙ ከሙያው ጋር አያይዞ ያስተምራቸው የነበሩ ዘጠኝ መልካም ጠባዮችን ለይቶ ነበር፤ እነዚህም ሐቀኝነት፣ ቅንነት፣ የስፖርት ጨዋነት፣ አክብሮት፣ በራስ መተማመን፣ ኃላፊነት፣ ጽናት፣ ትሕትና ያለው አቀራረብና ማስተዋል ነበሩ። ዋናው ዘዴ ስለ ጠባይ ብዙ መስበክ ሳይሆን ጠባዩ የሚፈለግበትን ጨዋታ ማዘጋጀት ነው።

ሙያውን ስናስተምር ከጉድጓዱ አጠገብ ጀምረን ወደ ኋላ እንሂድ። አስቀድሞ ኳሱን በመሬት ላይ ማንከባለል፣ ቀጥሎ ከቅርብ በዝቅታ ማንሣት፣ በመጨረሻም በሙሉ ኃይል መምታት ይማሩ። ምክንያቱም ማንከባለል ጉልበት አይጠይቅም፤ ትንሹም ትልቁም ወዲያው ይቀናዋል። ከዚህም በላይ የሙሉ ሜዳ የተለመደው መለኪያ 72 ምት ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ጉድጓድ ሁለት የማንከባለል ምት ስለሚታሰብ 36ቱ፣ ማለት ግማሹ፣ ለዚሁ የተመደበ ነው።

አራት ጨዋታዎች

የሚከተሉትን ለማጫወት የጐልፍ ሜዳ የግድ አያስፈልግም። ሣር ያለበት ደልዳላ ሜዳ፣ ጥቂት ዱላዎች፣ ለስላሳ ኳሶችና በክብ የተዘረጋ ገመድ ይበቃሉ።

1. መሰላል። ከጉድጓዱ ወይም ከገመዱ 1፣ 2፣ 3 እና 4 ሜትር ርቀት ላይ ምልክት ይደረጋል። ልጁ ከቅርቡ ሲያስገባ ወደሚቀጥለው ይወጣል። የሳተ ባለበት ይቆያል እንጂ ወደ ታች አይመለስም። ይህም ጽናትን ያስተምራል፤ በወደቀ ቍጥር ከመጀመሪያው የሚጀምር ልጅ ቶሎ ተስፋ ይቈርጣልና።

2. ሁለት ካርድ። ልጆቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይጫወታሉ። እያንዳንዱ የራሱንም የጓደኛውንም ምት ይጽፋል። ሲጨርሱ ሁለቱን ካርዶች ያስተያያሉ። ቁጥሩ ካልገጠመ ምቱን አንድ በአንድ አስታውሰው ይነጋገራሉ፤ ከዚያ ይፈርማሉ። ነጥብ የሚሰጠው ካርዶቻቸው ለገጠሙት ጥንዶች ሁሉ ነው። ስለዚህ ደካማ የሆነውም ጥንድ በዚህ ጨዋታ ሊያሸንፍ ይችላል።

3. የጋራ ኳስ። አራት ልጆች ሁሉም ይመታሉ። ከአራቱ የተሻለችውን መርጠው ሁሉም ከዚያ ቦታ ደግመው ይመታሉ። አንድ ሕግ ይጨመርበት፤ የእያንዳንዱ ልጅ ኳስ ቢያንስ ሁለት ጊዜ መመረጥ አለባት። ያን ጊዜ ጐበዙ ደካማውን ይጠብቀዋል፣ ያበረታታዋልም፤ ደካማውም የሚፈለግ ሰው መሆኑን ያውቃል።

4. ሜዳውን መጠገን። ከፍ ብሎ የወደቀ ኳስ ሣሩን ያጐደጕዳል። ይህን የሚጠግን ሰው በትንሽ ሹል ነገር ዙሪያውን ከዳር ወደ መሀል ገፋ ገፋ አድርጎ በዱላው ግርጌ ያስተካክለዋል። አፈሩን ከታች ወደ ላይ መፈንቀል ግን ሥሩን ይበጥሳል። እያንዳንዱ ቡድን የራሱን ጠባሳና አንድ ሌላ ሰው የተወውን ሲጠግን ነጥብ ያገኛል። ከራስ ጥፋት አልፎ የሌላውን መጠገን መማር ለቤትም ለጉባኤም ይጠቅማል።

በሁሉም ጨዋታ የደኅንነት ሥርዓት ይቅደም። መቺዎች በአንድ መስመር ይቁሙ፤ ሁሉም መትቶ ሳይጨርስ ማንም ኳስ ለማንሣት ወደ ፊት አይሂድ። የሚወዛወዝ ዱላ አጠገብ ማንም አይቁም። ኳሱ ወደ ሰው ሲሄድ የመታው ወዲያው «ፎር!» ብሎ ይጩኽ፤ ይህ በጐልፍ ሜዳ ሁሉ የታወቀ የማስጠንቀቂያ ቃል ነው።

የአክብሮት ሥርዓት

ሌላው ሲመታ ዝም ይባላል። ኳሱ የሚንከባለልበት መስመር አይረገጥም። ከአሸዋው የወጣ ሰው ዱካውን ደልድሎ ይሄዳል። የጠፋ ኳስ ለመፈለግ ቀድሞ 5 ደቂቃ ይፈቀድ ነበር፤ ከ2019 ጀምሮ ግን 3 ደቂቃ ሆኗል፤ ከኋላ የሚጠብቁ ሰዎች አሉና። በመጨረሻው ጉድጓድ ባርኔጣን አውልቆ እጅ መጨባበጥ የተለመደ ነው።

እዚህ ላይ በውጭ አገር ለሚያገለግሉ መሪዎች አንድ ማሳሰቢያ አለን። በጐልፍ ትምህርት ልጁ ስሙን ተናግሮ፣ የሰውየውን ዓይን እያየ እንዲጨብጥ ይማራል። በእኛ ቤት ደግሞ በታላቅ ፊት ዓይንን ዝቅ ማድረግ አክብሮት ነው። ልጁ በሜዳው ዓይን አፋር፣ በቤቱ ደፋር እንዳይባል፣ ሁለቱም የአክብሮት መንገድ መሆናቸውን፣ የትኛው የት እንደሚገባም እናስረዳው። ማስተዋል የምንለው ይህንኑ ነው።

በሩ ተዘግቶ በነበረበት ዘመን

ጨዋነት ሲባል ለማን የሚደረግ ጨዋነት እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። የአሜሪካ ባለሙያ ጐልፍ ተጫዋቾች ማኅበር በ1934 አባልነትን ለነጮች ብቻ የሚፈቅድ አንቀጽ አውጥቶ፣ እስከ 1961 ድረስ አልሻረውም ነበር። ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በዋሽንግተን ጥቁር ሴቶች በ1937 ዌክ ሮቢን የተባለውን የጐልፍ ክበብ መሠረቱ፤ ጥቁሮችም የሚጫወቱበት በቂ ሜዳ እንዲሰጣቸው አቤት አሉ። በ1939 የላንግስተን ሜዳ ተከፈተላቸው።

ስለዚህ ልጆቻችንን ወደ ሜዳ ስናስገባ ይህንም እንንገራቸው። ሌላው ሲመታ ዝም ማለትን የሚያውቁ፣ ባርኔጣቸውን የሚያወልቁ ሰዎች ባልንጀራቸውን ከበር መልሰውት ነበር። ሥርዓት ያለ ፍቅር እንዲህ ሊሆን ይችላል።

ለመሪዎችና ለወላጆች

ጨዋታው ብቻውን ማንንም ሐቀኛ አያደርግም፤ በጐልፍ ሜዳ ያረጁ አታላዮችም አሉ። ልጁን የሚያስተምረው እኛ የምንሰጠው ዋጋ ነው። ትንሹን ቁጥር ላመጣ ብቻ የምናጨበጭብ ከሆነ፣ ቁጥር ማሳነስን እያስተማርን ነን። ወላጅም ልጁን ሲቀበል «ስንት አመጣህ?» ከማለት ይልቅ «ዛሬ ምን ከበደህ? ማንን ረዳህ?» ቢለው ይሻላል።

ልጅ ሲዋሽ ብናገኘው በጓደኞቹ ፊት አናዋርደው። ለብቻው ጠርተን «ምቶችህን እንደገና አብረን እንቍጠር» እንበለው፤ ራሱ እንዲያርመውም ጊዜ እንስጠው። የተጋለጠ ልጅ መደበቅን ይማራል፤ ራሱን ያረመ ግን ሁለተኛ ጊዜ ይቀለዋል።

ወደዚያ ከዛፍ ሥር ወደ ነበረው ልጅ እንመለስ። ጓደኛው ሲጠይቀው ትንሽ ዝም ብሎ «7 ነው፤ አንዱን ስቼዋለሁ» ቢልስ? መሪው «ለእውነትህ አንዱን እንተውልህ» ሊለው አይገባም። ያን ጊዜ እውነትን መሸጫ ያደርጋታል። 7 ተብሎ ይጻፍ። ሌሎቹ ወደሚቀጥለው ጉድጓድ ሲያልፉ ግን መሪው ጥቂት አብሮት ይራመድ፤ «ሰምቼሃለሁ፤ አንተን አምናለሁ» ይበለው። በዚያ ቀን ልጁ ምናልባት መጨረሻ ይወጣ ይሆናል። ወደ ቤቱ የሚሄደው ግን ቃሉ የሚታመን ሰው ሆኖ ነው።