የካርቱም ባቡር ጣቢያና በወንዙ ማዶ የቆመበት ዘመን

በታላላቆቹ የዓለም ከተሞች ባቡር ከምድር በታች መሄድ ከጀመረ ብዙ ጊዜ ሆኖታል። ለንደን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1863፣ ካይሮም በ1987 ዓ.ም. ይህንኑ አግኝተዋል። ካርቱም ግን እንዲህ ያለ ጣቢያ የላትም፤ የባቡሯ መድረሻ ከምድር በላይ ነው። ቢሆንም ስለ መድረሻ ጣቢያ ጥቅምና ጉዳት ለመረዳት የሚሻ ነጋዴ ከካርቱም የበለጠ ምሳሌ በቅርብ አያገኝም።

ሐዲዱ ወደ ሱዳን የገባው ለጦርነት እንጂ ለንግድ አልነበረም። ኪችነር በ1897 ከዋዲ ሐልፋ ተነሥቶ በኑብያ በረሓ ላይ ያስዘረጋው ወታደርና ስንቅ ለማጓጓዝ ሲሆን፣ የሥራው ኃላፊ ካናዳዊው መኮንን ፐርሲ ዢሩዋር ነበር። በ1898 የኦምዱርማን ጦርነት ካበቃ በኋላ፣ በ1899 መጨረሻ ሐዲዱ ከካርቱም ፊት ለፊት ደረሰ። ፊት ለፊት መባሉ በምክንያት ነው፤ ጣቢያው የቆመው ከጥቁር ዐባይ ወዲያ ማዶ፣ በሐልፋያ ነበርና።

ስለዚህም 10 ዓመት ያህል የካርቱም ባቡር ካርቱም ሳይገባ ቆየ። ማናቸውም ዕቃ ከፉርጎ ወርዶ ወንዙን በጀልባ ይሻገርና በማዶው እንደ ገና ይጫን ነበር። ሁለት ጊዜ የሚነሣ ዕቃ ሁለት ጊዜ የኩሊ ዋጋ ያስከፍላል፤ በመካከሉ የሚሰበረውና የሚጎድለው ደግሞ በደረሰኝ ላይ አይጻፍም። በ1909 የብረቱ ድልድይ ሲፈጸም ባቡሩ ተሻገረ፤ ከቤተ መንግሥቱ ወደ ደቡብ የሚወርደውም ሰፊ መንገድ እስከ አዲሱ ጣቢያ የሚያደርስ ሆነ።

ከድልድዩ ይልቅ የገበያውን ፊት ያዞረው ግን የባሕሩ መሥመር ነው። በ1906 ከአትባራ እስከ ቀይ ባሕር ያለው ሐዲድ ሲመረቅ፣ በግብፅ በኩል ይሄድ የነበረው የካርቱም ንግድ ወደ ፖርት ሱዳን አዘነበለ። በ1924 ደግሞ ከዚሁ መሥመር በሃይያ የተገነጠለ ሐዲድ ከሰላ ገባ።

የምጽዋ ነጋዴ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር እዚህ ላይ ነው። ከምጽዋ የተነሣው ባቡር በ1911 አስመራ፣ በ1928 አቆርዳት ደርሶ፣ ቢሻ ላይ ቀረ እንጂ ተሰነይን አላየም። ቢደርስም ኖሮ የምጽዋው ሐዲድ ስፋት 95 ሳንቲ ሜትር፣ የሱዳኑ 106.7 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ፉርጎ ከፉርጎ አይገጥምም። በሐልፋያ ወንዝ ያደረገውን፣ በድንበር ላይ 12 ሳንቲ ሜትር የማይሞላ ልዩነት ባደረገው ነበር። በ1941 እንግሊዞች ከከሰላ እስከ ተሰነይ ሐዲድ ቢዘረጉም፣ እሱም በሱዳኑ ስፋት የተሠራ የጦር ጊዜ መሥመር ነበር።

በሚያዝያ 2023 በካርቱም ውጊያ ሲነሣ መንግሥቱ መቀመጫውን ወደ ፖርት ሱዳን አዛወረ። ከከተማይቱ የሸሸውም ብዙ ሕዝብ በአውቶቡስና በጭነት መኪና ተሳፍሮ ወደዚያው ወደብ ወረደ።